ረሃቧን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች

ማታ እንደ ልማዴ ጸሎቴን አድርሼ፣ ሬዲዮኔን ዝቅ አድርጌ፣ ጎኔን ካሳረፍኩ በኋላ በራችን ተንኳኳ። በሕልሜ ነው። ሕልም መሆኑን ግን ያኔ ማን ነግሮኝ፤ ተነሥቼ ከፈትኩ። ውጭው ረፋድ ነበር። ፀሐይዋ ከመሬት ወደ ላይ ታበራለች።

ደጃፉ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ከፊት ያሉት ነጭ ጋቢ የለበሱ ትልቅ ዓሣ ናቸው። ከዘራ ይዘዋል። በምን እጃቸው እንደያዙት አልጠየቅኩም፤ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። ዓሣ ቢሆኑም በዕድሜ ይበልጡኛልና አንቱ አልኳቸው። ከኋላቸው ጃፓኖች በማንኪያ ፈንታ የሚበሉባቸው ሁለት ቀጫጭን የመብያ እንጨቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል። አንዱ ያለ አንዱ መቆም ስለማይችል እንደ አንድ ሰው ይቆጠራሉ። ሦስተኛው የሩዝ ጆንያ ነው፤ ዳገቱ አድክሞት ያለከልካል።

ግቡ አልኳቸው፤ ገቡ። ተቀመጡ አልኳቸው፤ አልተቀመጡም። ያኔ ገባኝ። ሽማግሌ ቤት ገብቶ አልቀመጥም ካለ ነገሩ የጋብቻ ነው። ግን ለማን? እዚህ ቤት ለጋብቻ የሚጠየቅ ልጅ የለም። እኔና ባለቤቴ ዝናሽ ብቻ ነን። እሷም አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

ዓሣው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የተላክነው ከጃፓን ምግብ ቤት ነው» አሉ። «የቤታችሁን ደግነት ሰምተን፣ ዘር ማንዘራችሁን አጣርተን፣ የወይዘሮ ዝናሽን ረሃብ ለምግባችን ልንጠይቅ መጥተናል። እሺ ሳትሉን አንቀመጥም።»

ይህን ምግብ ቤት በውኔም አውቀዋለሁ። ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ፣ ድሮ ቀለም ይሸጥበት የነበረው ቤት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በመስኮቱ በኩል አልፋለሁ። ሼፉ ጃፓናዊ ነው። ራሱ ላይ ነጭ ጨርቅ አስሮ፣ ከረጅሙ የእንጨት ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ዓሣ ይቆርጣል። አንዴ ቆርጦ ቢላዋውን ይጠርጋል፣ እንጨቱን ይጠርጋል፣ እንደገና ይቆርጣል። ችኮላ የለ፣ ጫጫታ የለ። ይቅር ይበለኝና፣ ቅዳሴ ላይ ያለ ዲያቆን ይመስለኛል። አንድ ቀን ቆሜ ሳየው አየኝና ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝ። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁት። ከዚያ ወዲህ ሳንነጋገር እንተዋወቃለን። ገብቼ ግን አላውቅም። ዝናሽ ደህና ሳለች፣ አንድ ቀን ይዘኸኝ ትገባለህ ትለኝ ነበር።

ያ አንድ ቀን ሳይመጣ ታመመች። ሆዷ ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ቁስሉ ዳነ፤ ረሃቧ ግን አልተመለሰም። ሾርባውም ጉርሻውም ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል። የንስሐ አባታችን ጾሙን ፈትተውላታል፣ ሐኪሙም ያሻትን ትብላ ብሏል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ክብደቷ ካልጨመረ ግን አስተኝቼ በቱቦ ነው የምመግባት ብሎናል። ዝናሽ ያን ቱቦ ከቀዶ ጥገናው ቢላዋ በላይ ትፈራዋለች።

ጎረቤት አልተወንም፤ እግዜር ይስጣቸው። በተለይ ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ጥሩወርቅ። ጠዋት በድስት፣ ማታ በሰሃን ይዘው ይመጣሉ። በሞቴ ይላሉ። አፈር ስሆን ይላሉ። ጉርሻ ጠቅልለው አፏ ሥር ይዘው ይጠብቃሉ። እኔም ከጎናቸው ቆሜ በሞቴ እላለሁ። ዝናሽ «በልቻለሁ» ትለንና ወደ ግድግዳው ትዞራለች።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ይህችን ረሃብ ነው። ሽማግሌን መዋሸት ኃጢአት ነውና እውነቱን ነገርኳቸው። ቤታችሁን ከሩቅም አከብረዋለሁ፣ ብሰጣችሁ ደስ ባለኝ አልኳቸው። ግን ረሃቧ ከቤት ከወጣች ሰንብታለች፤ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም።

የሩዙ ጆንያ ደንግጦ ተቀመጠ። ዓሣው በዓይናቸው ቆጡት፤ ተመልሶ ተነሣ። የመብያ እንጨቶቹ ተያዩና ነገሩን ለሁለት ተካፍለው ተናገሩ።

«እኛ ባንኮኒ ላይ…» አለ አንዱ።

«…የማትበላ፣ የማታዝዝ፣ ማንም የማያውቃት አንዲት ሴት አለች» አለ ሌላው።

ዝናሽ ከግድግዳው ዞረች። ከአልጋው ወረደች። ነጠላዋን አነሣችና ክንዴን ያዘችኝ። ከዚያ መንገድ ላይ ነበርን።

መንገዱ ሁሉ ዞሮበታል። ሚኒባሶቹ ጥግ ይዘው ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። ሰዎቹ በእግራቸው እያለፉ፣ ሞልቷል፣ ሞልቷል ይሏቸዋል። አንድ ያረጀ ሚኒባስ ዝናሽን ተለማመጣት። ጠጋ ጠጋ ብትዪልኝ ጥግ ላይ እገባለሁ አላት። አዘነችለት፤ ግን ከስታለችና ቦታ አልነበራትም። ዝናቡ ከኩሬዎቹ እየተነሣ ወደ ደመና ይወጣል። ሰው ሁሉ ጃንጥላውን እግሩ ሥር ዘርግቶ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነዳያኑ ቆመው ለምእመናን ዳቦ ያድላሉ። ተሳልሜ ላልፍ ጎንበስ ስል ደጀ ሰላሙ ቀድሞ ጎንበስ ብሎ ተሳለመኝ። ይህስ አይገባኝም ብዬ አማተብኩ። ዓሣው ከኋላዬ አሜን አሉ።

ምግብ ቤቱ በር ላይ ደረስን። ጃፓኖች ቤት ሲገቡ፣ እኛ ቤተ መቅደስ ስንገባ እንደምናደርገው፣ ጫማ እንደሚያወልቁ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የጫማው ነገር አልገረመኝም። የገረመኝ ጫማዎቻችን እኛን ማውለቃቸው ነው። የእኔ ጫማ ክሩን ፈታ፣ እኔን አወለቀና ከሌሎቹ ሰዎች ጎን ጥግ ላይ አቆመኝ። ከዚያ ገብቶ ወንበር ያዘ። የዝናሽም ተከተለው። ካልሲዬ አውራ ጣቴ ላይ ቀዳዳ ነበረበትና በሌላው እግሬ ረግጬ ሸፈንኩት። አንዲት ሴት መጥታ የእነዚህ ጫማዎች ዘመድ ናችሁ ወይ አለችን። ነን አልን፤ አስገባችን።

እንዴት ያለ ቤት ነው እናንተ። እንጨቱ ሁሉ ታጥቦ የደረቀ ነው። ያለ ቦታው የተቀመጠ ነገር የለም። አንድ ግድግዳ ላይ አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ በማሰሮ ቆማለች፤ ግድግዳው በሙሉ የእሷ ሆኖ ሳለ አትኮራም። አስተናጋጆቹ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። የሰፈራችን ሰው ነው ጥቁር ሽርጥ ታጥቆ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ምን እንታዘዝ የሚላቸው። ባለ ሱቁ፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው፣ ሁሉም እግራቸውን ሳያሰሙ ይመላለሳሉ። ርእሰ መምህሩ ሰሃን ጨብጠው እንዲህ በቀስታ ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም። ትኩስ ፎጣ መጣልን። ፎጣው በእጃችን ፊቱን ጠረገ፣ አመሰገነ፣ ሄደ።

ሼፉ ባንኮኒው ጀርባ ነበር። ሲያየኝ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝ፤ እኔም እንደ መስኮቱ ጊዜ እጅ ነሣሁት። አማርኛው የመንዝ ሰው አማርኛ ነው። የቤቱን ደንብ ነገረን። እዚህ ቤት ብሉ ተብሎ አይለመንም አለ። የሚለመነው አትብሉ ተብሎ ነው። ከዚያ ሥራውን ጀመረ።

ቢላዋው ዓሣውን የሚቆርጠው አይመስልም፤ ዓሣው መስማማቱን ጠይቆ የሚያልፍ ይመስላል። ሽማግሌውን ዓሣ በጎን አየኋቸው፤ እንዳይከፋቸው ብዬ። እሳቸው ግን በኩራት ነው የሚያዩት፤ የወንድሜ ልጅ ነው፣ ከዚህ የተሻለ እጅ አያገኝም ነበር አሉኝ። ጥቁር ሰሃን ፊታችን ተቀመጠ። ቀዩ እንደ ቁርጥ ሥጋ ቀይ ነው፤ ግን ብርሃን ያሳልፋል። እኛ ቁርጥ በላተኞች ነን፣ ጥሬ ብሎ ነገር አያስደነግጠንም። ከሥሩ ያለው ሩዝ ፍሬ ፍሬው ለየብቻ ይታያል፤ ግን ተያይዟል፤ ተጣልቶ የማያውቅ ማኅበር ይመስላል። ጎኑ ላይ አንዲት ቁንጥር አረንጓዴ ነገር አለች። ከሽታዋ የሰናፍጭ ዘመድ መሆኗን አወቅኩ።

«አፈር ስሆን» አለ ሼፉ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «በሞቴ፣ እንዳትበሉት።»

ዝናሽ ሰሃኑን እያየች ነበር። ከታመመች ወዲህ ምግብ ስታይ እንደዚያ አይቻት አላውቅም። እኔ ግን አፌ ቀደመኝ።

«ኧረ ምን በወጣችሁ» አልኩ። «በልተን ነው የመጣነው።»

እንዲህ ነዋ የሚባለው። እንግዳ ሆኖ እንደቀረበለት እጁን የሚዘረጋ ምን ይባላል? መጀመሪያ እንቢ ይባላል፣ ይለመናል፣ እንደገና እንቢ ይባላል፣ ይማላል፤ ከዚያ ስለ ሰው ደስታ ሲባል ይቀመሳል። ሼፉ ግን ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝ። ቃሌን እንደ አደራ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ሰሃኑንም አነሣው።

«በልተናል ካላችሁ በልታችኋል» አለ። «ሰው ስለ ገዛ ሆዱ የተናገረውን እኔ ማን ሆኜ እጠራጠራለሁ።»

አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ዝናሽ አላፈረችም። ሰሃኑ በባንኮኒው ላይ ሲርቅ፣ ዘመድ ወደ ሩቅ አገር እንደሚሸኝ ሰው፣ በዓይኗ ሸኘችው።

አጠገባችን የእድራችን ጸሐፊ አቶ ግዛቸው ተቀምጧል። መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ ቀጥኖ ቀጥኖ የመብያ እንጨት አክሏል። ሽማግሌዎቹ እንጨቶች ራሳቸው ዘመዳችን ነው ብለው ሰላም አሉት። ምግብ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ እዚህ ነኝ አለኝ። የቀረበለትን ሁሉ፣ ኧረ አታስቸግሩ፣ ኧረ ይበቃኛል እያለ መልሷል። ሁሉም አክብረው ይወስዱለታል። ወደ ጆሮዬ ተጠጋና፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደግሙልኝ ኖሮ እበላ ነበር አለኝ። ወዲያው ትኩስ ሾርባ መጣለት። ከላዩ እንፋሎቱ በቀስታ ይጠቀለላል። አቶ ግዛቸው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ለእኔ ብላችሁ ከሆነ እንኳን ይቅር» አለ።

ወሰዱለት።

ከዚያ ምግብ ቤቱ ባሕር ውስጥ ነበር። እንዴት እንደገባ አላውቅም፤ ማንም አልተደነቀም። ከመስኮቱ ውጭ ዓሦች ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። አንዱ ትንሽ ዓሣ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ይመስላል፣ ነጠላ አጣፍቶ ቆመና በመስታወቱ አየን። ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝ። እኔም ነሣሁት። ገብተህ ቅመስ ልለው አሰብኩ፤ ግን እኔም ስንት ጊዜ ቆሜ አይቼ ሳልገባ ሄጃለሁ።

«አጥናፉ» አለች ዝናሽ። ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ይዛዋለች። «እሷ ናት።»

ባንኮኒው ጫፍ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች። የለበሰችው ቢጫ ቀሚስ ነው። ቀሚሱን አውቀዋለሁ። በተጋባን ሰሞን ዝናሽ ትለብሰው ነበር፤ ያኔ የእኔን ድርሻ ጭምር ትበላና ትስቅብኝ ነበር። ሴትዮዋ የሼፉን እጅ ታያለች። እጁ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ግራ ታያለች፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ቀኝ። ፊቷ ሰሃን የለም።

ቀረብኩና እንደ ወጉ ሰላምታ ሰጠኋት። እንዴት ሰነበትሽ አልኳት፤ ቤቱ ያለ አንቺ ባዶ ነው አልኳት። ያልሠራንልሽ ነገር የለም፤ ሾርባው፣ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ጎረቤት ያመጣው ሳይቆጠር። ስትሄጂ አልነገርሽንም፣ ምን አስቀየምንሽ አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። መስማቷ ደስ አለኝ።

«ማንም አላስቀየመኝም» አለች ሳትዞር። «ልመጣ ስል ድስት ቀድሞኝ ይደርሳል። ልቀመጥ ስል ወንበሬ ላይ ጉርሻ ተቀምጧል። ቦታ ቢተውልኝ የት እሄድ ነበር?»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። ዓሣው ጢማቸውን ዳሰሱና ነገሩ ከእኛ እጅ ወጥቷል አሉ። ሽማግሌ የሚጠይቀው የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን ነው። የገዛ ረሃብን ባለቤቷ በአፏ ካልጠራቻት ማንም አይመልሳትም። የሩዙ ጆንያም እውነት ነው አለ፤ ደክሞት ስለነበር ከዚህ በላይ አልጨመረም።

ዝናሽ አንድ እርምጃ ቀረበች። እጇን ዘርግታ የቢጫውን ቀሚስ ትከሻ ልትነካ ምንም አልቀራት። አፏን ከፈተች። ሽርጥ የታጠቁት የሰፈራችን ሰዎች ሰሃናቸውን ይዘው ቆሙ። የሾርባው እንፋሎት እንኳ ቆመ።

«በልቻለሁ» አለች ዝናሽ።

ልማድ ነው። ልትል የፈለገችው እሱ እንዳልሆነ ዓይኗ ይናገራል፤ ግን ለወራት የተጠቀሙበት ቃል በሩ ሲንኳኳ ቀድሞ ይወጣል። ቢጫ የለበሰችው ከወንበሯ ተነሥታ ሌላ ወንበር ላይ፣ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

ሼፉ አንዲት ቁራጭ ሠራ። ሩዙን በጣቱ ሁለት ጊዜ ብቻ ነካው፤ ዓሣውን ከላዩ አስተኛው፤ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው። ዝናሽ ፊት አላስቀመጠውም። ረሃቧ ፊትም አላስቀመጠውም። ከሁለቱ መካከል፣ ባዶው እንጨት ላይ አስቀመጠውና እጁን ሰበሰበ። ይህ የማንም አይደለም አለ። ከዚያ ፊቱን አዞረና ቢላዋውን መጥረግ ጀመረ፤ እንዳያያቸው። ምግብ አቅርቦ የማያይ ሰው ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እንዴት ያለ ጨዋነት ነው አልኩ በልቤ።

ዝናሽ ቁራጩን አየችው። ረሃቧም አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ አንድ ነገር አዩ።

በሩ ተከፈተ።

እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ዓለም ሁሉ ሲገለበጥ ሕልሙ እሳቸውን መገልበጥ አልቻለም። ጫማቸው ሊያወልቃቸው አልደፈረም፤ እንደተጫሙ ገቡ። በነጠላ የተጠቀለለ ድስት ክንዳቸው ላይ አለ። ቀኝ እጃቸው ገና ከበሩ ጉርሻውን ጠቅልሎ ጨርሷል። የሰፈሩ ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ባለ ሱቁ እንኳ ሽርጡን ፈታ።

«ዝናሽዬ» አሉ። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ።»

ያ ቃል እዚያ ቤት እንደ ሰሃን ወድቆ ተሰበረ። ሼፉ ቢላዋውን አስቀመጠ። ዓሣው ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ቢጫ የለበሰችው ነጠላዋን አነሣችና ወደ ጓዳው በር መሄድ ጀመረች። ዝናሽ አፏን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳ ልታዞር ስትል አየሁ። ግድግዳውም፣ የሕልም ነገር፣ የእኛ ቤት ግድግዳ ነበር።

ሼፉ አየኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ እናቴን አብረውኝ ያስታመሙ፣ ዝናሽ ሆስፒታል ስትተኛ ወለል ላይ ያደሩ ሰው ናቸው። በዕድሜዬ ሙሉ እንቢ ብያቸው አላውቅም። እንቢ ማለትንም የማውቀው ለወጉ ነው። በልቤ አቤቱ አልኩ። ከዚያ በተቀደደው ካልሲዬ ሄጄ መካከላቸው ቆምኩ፣ እጄንም ዘረጋሁ።

«እትዬ፣ ዛሬ አይሆንም» አልኩ።

«ምን አልክ አጥናፉ?»

«አይሆንም።»

ሌላ ጊዜ እጨምርበት ነበር፤ እንዳይቀየሙኝ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው፣ እያልኩ። ምንም አልጨመርኩም። እሳቸውም ሊለምኑኝ ጠበቁ፤ ሁለተኛ እንቢ እንድልና በሦስተኛው እሺ እንድል። ቃሌ ግን አንድ ነበር። ጉርሻው እጃቸው ላይ ቀረ። ከዚያ ወደ ዝናሽ ዞርኩ። ያቺን የማንም ያልሆነችውን ቁራጭ በጣቴ አሳየኋት። ለወራት ያላልኳትን ነገር ነገርኳት።

«ዝኑ፣ አትብዪ» አልኳት። «በሞቴ አትብዪ። አፈር ስሆን፣ እንዳትነኪያት።»

ዝናሽ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። በተጋባን ሰሞን፣ ከአንድ ማዕድ ስንበላ፣ እጄ ወደ እሷ ወገን ሲሻገር ታየኝበት የነበረው ነው። ቁጣ ነበረበት፣ ሳቅም ነበረበት። እጇ ወደ ባንኮኒው ተዘረጋ። የጓዳው በር ላይ ቢጫ የለበሰችው ቆመች። ዞረች። ፊቷን ላየው ስል አንድ ሰው ትከሻዬን ነቀነቀኝ።

ነግቷል። ዝናሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ጉንጯ አብጧል። ደነገጥኩ፤ ደግሞ ምን መጣባት ብዬ ልነሣ ስል ጉንጯ ተንቀሳቀሰ። ታኝካለች።

«ሌሊቱን ሙሉ አትብዪ፣ አትብዪ ስትል አደርክ» አለችኝ አፏ እንደሞላ። «ምን በላሁብህ?»

ጭኗ ላይ የእኔ ሰሃን ነበር። ለቁርሴ የከደንኩት ምስር ወጥ፤ በርዶ ረግቷል፣ እንጀራውም ጫፍ ጫፉ ደርቋል። እንግዳ ፊት የማይቀርብ ነገር ነው። ግማሹ የለም።

በሞቴ ጨምሪ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ነከስኩት።

«የእኔ ቁርስ ነው» አልኳት። «ተይልኝ።»

ሰሃኑን ወደ ራሷ ሳበችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

በሩ ተንኳኳ።

«ቤቶች፣ ዝናሽዬ የቀመሰችው ነገር አለ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ ከውጭ። «ትኩስ ገንፎ ነው፤ በሞቴ፣ ሳይበርድ።»

በባዶ እግሬ ሮጥኩና በሩን በጀርባዬ ደገፍኩት።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «ቤት ውስጥ ማንም የለም።»